«ከተሰራጨ በኋላ ምን ይሠራለታል» ለተባለው ለጋሽ ኸይሩ

ኧረ በፈጠራችሁ ውሸት ነው በሉኝ!

ጋሽ ኸይሩ ሞተ። ቃሊቲ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው፣ ሱቁ ከእኔ የስልክ ጥገና ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራው ጋሽ ኸይሩ። ትናንት በስልክ ስናወራ «ነገ ብቅ በል፣ ሙኒራ ቆጮ አስመጥታለች» ብሎኝ ነበር። ሙኒራ ሚስቱ ናት። ዛሬ ጠዋት እያለቀሰች የደወለችልኝም እሷ ናት። ከሰዓት ቀበርነው። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው ይህን የምጽፈው።

አዝኛለሁ። ግን ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነው ያነቀኝ፤ ይቅር በሉኝ።

ደም ማየት ሲጀምር ኪንታሮት ነው አሉት። አንዱ ቅባት ሰጠው፣ ሌላው ሌላ ቅባት። ማንም ገልጦ አላየውም። እሱም ያፍር ነበር፤ የት ነው የሚያምህ ሲሉት «ወገቤን» ይላል። በርጩማውን ትቶ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መሸጥ ሲጀምር ነው እኔ እንኳ የነቃሁት።

ሆስፒታል ስንደርስ ትልቁ አንጀት መጨረሻው ላይ፣ ከፊንጢጣ ከፍ ብሎ፣ ካንሰር አለ ተባልን። ጉበቱም ጋ ደርሷል።

ሐኪሙ ጋ አብሬው ገብቻለሁ። ደግ ሰው ነው፣ አልዋሸውም። «ኬሞውን እንሰጥሃለን። በሽታው ስለተሰራጨ ግን ታች ያለውን አሁን ብንነካው ብዙ የሚለወጥ ነገር የለም» አለው።

ጋሽ ኸይሩ ግድግዳ ተደግፎ እንደቆመ፣ «ዶክተር፣ እኔ ጉበቴን አላውቀውም። አሞኝም አያውቅ። ሽንት ቤት ገብቼ ሸሚዜን ነክሼ የማለቅሰው በታችኛው ነው። የሚያመኝን አክሙልኝ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ላገኘው ሐኪም ሁሉ የሚላት ይቺኑ ነበር። «የሚያመኝን አክሙልኝ።»

ዘመድ ተሰበሰበ። «ከተሰራጨ በኋላ ታች ያለው ቢታከም ምን ይሠራለታል? ለምን ይንገላታል?» ተባለ። እዚያው ቆሞ እየሰማ! ሰው አይድንም ከተባለ ሕመሙም አይቆጠርም ማለት ነው እንዴ?

በኋላ ሌላ ሐኪም አየችው። «ጨረር እንሞክርለት። አያድነውም፤ ደሙንና ሕመሙን ግን ሊያስታግስለት ይችላል» አለች። ደስ አለን። ከዚያ ደግሞ ወረፋ። ወረፋው ደረሰ ስንል ማሽኑ ተበላሸ ተባልን።

ቤቱ ካለበት ከቱሉ ዲምቱ ሆስፒታል በሚኒባስ ስንመላለስ መቀመጥ ስለማይችል ወንበሩ ላይ ተንበርክኮ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነበር የሚሄደው። ተሳፋሪው ሲያፈጥበት «ሹፌሩ የፊቱን ይይ፣ እኔ የኋላውን እያየሁለት ነው» ይላል። ታክሲው በሙሉ ይስቃል። እኔ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።

በስንት መከራ ጨረሩን አገኘ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን «ብሩኬ! ና ቶሎ!» ብሎ ጮኸ። ወድቆ ነው ብዬ ሮጥኩ። በርጩማው ላይ ቁጭ ብሏል።

«እየኝ» አለኝ። ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብሎ በላ፤ ከደንበኛ ጋር ቁጭ ብሎ ተጨቃጨቀ። የልጁ ኒካህ ቀን ከሽማግሌዎቹ መሐል ቁጭ ብሎ መረቀ። መጨረሻ ላይ የጣለው ጉበቱ ነው፤ እንደዚያ ሊሆን እንደሚችልም ነግረውን ነበር።

ዛሬ ለቅሶ ቤት አንዱ «ያ ሁሉ ጨረር ምን ጠቀመው?» ሲል ሰማሁ። ቦታው ባይሆን እጮህበት ነበር። ወንድሜ፣ ልጁን ቁጭ ብሎ ዳረ! ለሁሉም ታማሚ ይሄ ይደረግ አልልም፣ እሱን ሐኪም ያውቃል። ግን በሽተኛውን «አንተስ ምኑ ነው የከበደህ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል? ለምን መጀመሪያውኑ አልተደረገለትም? ያ ሁሉ ወር በቁሙ መሰቃየት ነበረበት?

እናንተም እባካችሁ፣ ደም ካያችሁ ቅባት ገዝታችሁ አትመለሱ። ሐኪም ገልጦ ይያችሁ። እፍረቱ ይብቃን።

ጋሽ ኸይሩ፣ በአንተ ሃይማኖት ዱዓ ማድረጉን አላውቅበትም። ስመለስ ሳሪስ አቦ ደጅ ቆሜ በራሴው መንገድ ለመንኩልህ፤ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። አላህ ጀነትን ይስጥህ። ደህና ሁን የኔ ጌታ። በሰላም ልሸኝህ ፈልጌ ነበር፣ ተናድጄ ሸኘሁህ። አትቀየመኝ።