የነብሮ ቤት አፈር

«አጥብቀው ይያዙት፣ እትዬ ባሂራ። ከተወራጨ መርፌው ይወጣል።»

ባሂራ እጆቿን በፌስታል ሸፍና የቡችላውን ማጅራት ጨበጠች። ነብሮ ግን የሚወራጭበት አቅም አልነበረውም። ከትናንት ጀምሮ የቀመሰውን ሁሉ አስመልሷል። ዛሬ የሚያስቀምጠው ደም የተቀላቀለበት ውሃ ነው፤ ሽታው የበርበሬ መጋዘኗ በር ድረስ ይመጣል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ፍቅሩ ከብዙ ሙከራ በኋላ ደም ሥሩን አገኘው። ጉሉኮሱ መንጠብጠብ ጀመረ።

«መርዝ ነው» አለች ባሂራ። «የፊተኛውንም እንዲሁ ነው የገደለችብኝ።»

ማንን እንደምትል ፍቅሩ ያውቃል። ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ያልሰማ የለም። ባሂራ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በርበሬ ከገበሬ ሰብስባ ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች በማስረከብ ነው። ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት ሌቦች የመጋዘኗን ቆርቆሮ ገንጥለው ገቡ፤ እሷም ውሻ አስገባች። ያ ውሻ የጎረቤቷን የሳሌሃን ዶሮ በላ። ሳሌሃ «ቆይ፣ አገኘዋለሁ» ብላ ዛተች። ብዙም ሳይቆይ ውሻው ሞተ፤ ይህ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ልቅሶ ቤት እንኳ ጎን ለጎን አይቀመጡም።

«መርዝ አይደለም። ፓርቮ የሚባል ቫይረስ ነው። ቡችላ ላይ ይጠናል፤ አንጀቱን ይልጠዋል።»

«ተከትቧል እኮ! ራሴ ነኝ ጎትቼ የወሰድኩት።»

«እሱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። የዚህኛው ሌላ ነው፤ አዲስ አበባ ካልሄዱ አያገኙትም። የፊተኛው የሞተው እዚሁ ነው?»

«እዚሁ። ግን ሁሉን አጽድቻለሁ። የሚተኛበትን ጆንያ ጣልኩ። ሳህኑን ሰባቴ አጠብኩት፣ አንዱን በአፈር። ውሻ የላሰው ዕቃ በዲናችን እንዲህ ነው የሚታጠበው።»

«አፈሩን ከየት አመጡት?»

ባሂራ በአገጯ የውሻውን ቤት ጥግ ጠቆመች። የፊተኛው ደም እያስቀመጠው የተኛበት ቦታ ነው። የነብሮን ወተት የምታቀርበው በዚያ አፈር ባሸችው ሳህን ነበር።

ፍቅሩ አልሳቀም። «ማጠብዎ ልክ ነው። አፈሩ ነበር ከሌላ ቦታ መምጣት ያለበት። ሳህኑ እንኳ ቢቀር፣ ቡችላው እዚያው ላይ ሲንከባለል ከርሟል። በሽታው አፈር ውስጥ ዓመት ይቆያል። ሳሙና አይገድለውም። በረኪና ዕቃ ላይ ይገድለዋል፣ አፈር ላይ ግን እምብዛም።»

«ይድናል?»

«ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ያለቀውን ውሃ እንተካለታለን፤ ሌላ በሽታ እንዳይደረብበት እንወጋዋለን። የቀረው በእሱ አቅም ነው።»

ከአጥሩ ማዶ ቡችሎች ጮኹ። ፍቅሩ ቀና አለ። አንዲት ዶሮ በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ የነብሮን ቤት አፈር ትጭራለች።

«የማን ናት?»

«የሷ። የሳሌሃ።»

«ቡችሎቹስ?»

«የሷው። ገና ጡት አልጣሉም።»

«ይህች ዶሮ በሽታውን በእግሯ ትወስድላቸዋለች። ሳያልቁ ይንገሯት።»

«አንተ ንገራት!»

«ይህን ጥዬ የት ልሂድ?» አለ ፍቅሩ፣ ጉሉኮሱን ከፍ አድርጎ እንደያዘ።

ባሂራ ዶሮዪቱን አባረረች። በረኪና በውሃ በጥብጣ ጫማዋን ነከረች። የሳሌሃ በር ላይ ስትደርስ ደፉን አላለፈችም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሳሌሃ።»

በሩ በጥቂቱ ተከፈተ። «ወአለይኩም ሰላም። ዛሬ ደግሞ ምን መረዝኩ?»

«ምንም። በሽታ ነው፤ ከእኔ ግቢ ነው። ዶሮዎችሽን ዝጊ፣ የአጥሩንም ቀዳዳ ድፈኚ። ቡችሎችሽን እንዳይጨርስ።»

«ገበያ መሃል መርዘኛ ስትይኝ ከርመሽ አሁን ለቡችላዬ አዘንሽ?»

«ተሳስቻለሁ።»

«አልሰማሁሽም። ገበያ ላይ ድምፅሽ እንዲህ አልነበረም።»

መንገዱ ላይ አንድ ባለጋሪ ፈረሱን አቁሞ ያዳምጣል። ባሂራ አየችው። ነጠላዋን አጠበቀች።

«ሳሌሃ አልመረዘችም!» አለች፣ ጋሪው ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!»

ሳሌሃ በሩን ዘጋችው። ከውስጥ ዶሮዎቿን ስታባርር ተሰማ፤ ቀጥሎ አጥሩ ላይ የሚስማር ድምፅ።

ነብሮ በማግስቱ ሞተ። ከሳሌሃ ቡችሎች የታመመ የለም።