የማታዎቹ ቀለም

እትዬ መርፌ ይሏታል፤ ተማሪዎቹ ያወጡላት ስም ነው። ሱቋ ከዩኒቨርሲቲው ዋና በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ራስ የሌለው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አላት። በየዓመቱ የተመራቂዎችን ጥቁር ጋውን የምትሰፋው እሷ ነች። ማን ትከሻው ሰፊ እንደሆነ፣ ማን ደግሞ በካፌ ምግብ እንደመነመነ ከእሷ የሚደበቅ ነገር የለም።

ይህችው ሴት በልጅነቷ በዚያ በር በመንግሥት ወጪ ገብታ ነበር። ፈተናውን አልፋ፣ ዶርም ተሰጥቷት፣ ምጣኔ ሀብት ጀመረች። በሁለተኛው ዓመት እናቷ አልጋ ላይ ዋሉ። ሌላ አስታማሚ አልነበራቸውምና ትምህርቷን ጥላ ሄደች። እናቷን ቀብራ ስትመለስ ዘግይተሻል ተባለች። መንግሥት ለአንድ ሰው የሚከፍለው አንድ ጊዜ ነው፤ በወቅቱ ያልተመለሰ ሰው ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል። የቀረላት የማታው ትምህርት በር ብቻ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ከኪስ ከፍሎ ነው መማር።

ልዩነቱ ላልገባው ሰው የስፌት መኪናዋን አቁማ ታስረዳዋለች። የቀኑ ተማሪ ዛሬ ተምሮ፣ የወጪ ድርሻውን ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። የማታው በየመንፈቀ ዓመቱ አስቀድሞ ካልከፈለ ክፍል አይገባም። ኮርሱም የሚሰጠው በትንሽ በትንሹ ስለሆነ፣ የቀኑ በአራት ዓመት የሚጨርሰውን እሱ እስከ ሰባት ይጎተትበታል። መምህሩ ግን ያው ነው፣ ፈተናውም ያው። ቀን ያልራራ መምህር ማታ አይራራም። መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ዲግሪም አንድ ነው፤ የቀን ወይም የማታ የሚል ነገር የለበትም። እዚህ ላይ ስትደርስ ድምጿ ከፍ ይላል።

እሷም ሰባቱን ዓመት ቀን እየሰፋች፣ ማታ እየተማረች ገፋችው። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። መጀመሪያ ላይ "ዲግሪውን ምን ልታደርጊው ነው፣ ለመርፌሽ ልታነቢላት?" እያለ ያላግጥባት ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ኋላ ላይ ከመንገድ በገባ ቁጥር የግቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ጀመር፤ ማላገጡን ግን አልተወም።

የምትመረቅበት ዓመት ደረሰ። የሬጅስትራሩ ኃላፊ እንደ ወትሮው የጋውኑን ትእዛዝ ሊሰጣት መጣ። አለባበሱን የሚያሳምር፣ "እትዬ" ሳይል የማይጠራት ትሁት ሰው ነው። ዘንድሮ አዲስ ነገር አለ አላት። የቀኖቹ በትልቁ አዳራሽ በክብር እንግዶች ፊት ይመረቃሉ፤ እነሱ እንደ ወትሮው የትምህርት ክፍላቸውን ቀለም ትከሻቸው ላይ ያደርጋሉ። የማታዎቹ ከሰዓት በኋላ በስፖርት አዳራሹ ነው፤ እንግዳም ስለሌለ ለእነሱ ቀለሙ ቀርቶ ጥቁሩ ብቻ ይበቃል። ከማታዎቹ አንዷ እሷ መሆኗን ረስቶት ይሁን አስታውሶ፣ አልታወቀም። እሷ ራሷን ነቀነቀችና ሸኘችው።

የቀለሙ ጨርቅ ሁልጊዜ ትከሻ ላይ በቁልፍ ነው የሚያዘው። ከምረቃው በኋላ ቀለሙ ወልቆ ለከርሞ ተመራቂ ይቀመጣል። ያን ዓመት የቀኖቹን እንደዚያው በቁልፍ ሠራች። የማታዎቹን ግን በራሷ ገንዘብ ጨርቅ ገዝታ፣ ቀለሙን ከትከሻውና ከአንገቱ ስፌት ውስጥ አስገብታ ደርባ ሰፋችው። ባሏ አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየው።

"ይሄ ነገር ሥራሽን ያሳጣሻል።"

"አውቃለሁ" አለችው።

ምንም አላላገጠም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ የተረፈውን ክር ይቆርጥላት ጀመር።

ኃላፊው ልብሶቹን ሊረከብ የመጣው በምረቃው ዋዜማ ነው። የማታዎቹን ጥቅል ሲፈታ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው ብቅ አለ። በስህተት የገባ መስሎት ፈገግ አለና ቁልፉን ሊፈታ እጁን ሰደደ። ቁልፍ የለም። ወደ ብርሃኑ አዙሮ ካየው በኋላ ፈገግታው ጠፋ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ከስፌቱ ጋር ነው።"

"አዎ።"

"ፈተው ይስጡኝ እንጂ።"

"እኔ አልፈታም። መቀሱ ያውልዎት፣ እርስዎ ይፍቱት። አንገቱ ግን አብሮ ነው የሚነሳው።"

ኃላፊው በለዘበ ድምፅ የከርሞውን ሥራ አስታወሳት። ቀጥሎም ነገ እሷም ተመራቂ እንደሆነች፣ ነገር ባታበላሽ እንደሚሻል ተናገረ። ያ ልስላሴው ነው ይበልጥ ያናደዳት። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

"ዲግሪው ላይ የማታ ተብሎ ይጻፋል?" አለችው።

"አይጻፍም።"

"እንግዲያው ወረቀቱ ላይ ያልጻፋችሁትን እኔ ትከሻችን ላይ አልጽፈውም። ስሜን መሰረዝ ከፈለጉ ይሰርዙ። ፈተናውን ግን አልፌያለሁ።"

ሌላ የሚያሰፋበት ጊዜ አልነበረውም። ልብሶቹን አስጭኖ ሄደ።

በማግስቱ የማታዎቹ ቀለማቸውን ለብሰው የስፖርት አዳራሹን የፕላስቲክ ወንበር ሞሉት። እሷም ስሟ እስኪጠራ ጠበቀች። ከፊቷ ያሉት ተጠሩ፤ አጠገቧ ያለችውም ተጠራች። ዘለሉኝ ብላ ቁርጧን ባወቀችበት ሰዓት ተጠራች። ባሏ ከኋላ ተነስቶ ያጨበጭባል፣ አይቀመጥም። ከኋላው ያለው ሰው ጋረድከኝ ቢለው፣ "ሰባት ዓመት ተቀምጬ ነው የጠበቅኳት" አለው።

ኃላፊው ግን ቃሉን አላጠፈም። በዓመቱ ሥራው ከታች መታጠፊያው ላይ ላለው ልብስ ሰፊ ተሰጠ። እሷ ሱሪ በማሳጠርና ዩኒፎርም በመስፋት ከረመች። ዲግሪዋን ከአሻንጉሊቱ በላይ ሰቅላዋለች፤ ስለ ሥራው የሚጠይቃት ካለ አልቆጨኝም ትላለች፣ ውሸቷንም አይደለም።

አንድ ቀን ከሰዓት ያው ልብስ ሰፊ ጥቁር ጋውን በክንዱ ይዞ በሯ ላይ ቆመ። ሥራዋን እንደወሰደ ያውቃል፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

"የማታዎቹን ያለ ቀለም ስፋ ብለውኛል" አላት። "ልጄ ዘንድሮ ከማታ ትመረቃለች።"

እሷ የያዘችውን ሱሪ አስቀመጠች፤ ሁለተኛውን ወንበር ወደ ስፌት መኪናው ሳበችለት።

"ቁልፉን ተወው" አለችው። "ና ቁጭ በል፣ ከስፌቱ ጋር እንዴት እንደሚገባ ላሳይህ።"