በአባቴ በኩል ያለው ሽሮ

በዚያ ክረምት ጎንደር ከጉም አልወጣችም። ጠዋት የማድቤቱን መስኮት ስከፍት ጉሙ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሽሮው ሲንተከተክ እንፋሎቱ ከእሱ ጋር ይቀላቀልና የቱ የውጭ፣ የቱ የቤት እንደሆነ አይለይም። እኔም መሀሉ ላይ ስልኬን ይዤ፣ ግማሽ ነቅቼ ግማሽ ተኝቼ፣ ካሎሪ እደምራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ የሆድ ቀዶ ጥገና ያስፈልገው ነበር። ሐኪሟ ግን የክንዱን አጥንት ዳበስ አደረገችና «አባባ፣ እንዲህ ከስተው ቢላ አላስነካዎትም። መጀመሪያ ይብሉ» አለችው። ለእኔ ደግሞ በቀን ስንት ካሎሪ መብላት እንዳለበት ነገረችኝ። ክረምቱ እስኪወጣ ክብደት ካልጨመረስ? ፊቷን አየሁና መጠየቁን ተውኩት። ፈራሁ።

ከሚኖርበት ከማክሰኝት አምጥቼ እኔ ዘንድ አኖርኩት። እናቴ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላም፤ እዚያ ብቻውን ማን ያበላዋል? ዕድሜውን ሙሉ እህልና ቅመም ሲመዝን የኖረ ነጋዴ ነው። ቅያሪ ልብሱን ረስቶ ትንሿን የቅመም ሚዛን በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ሚዛኗን ስቀማው ሳቀብኝ።

ስልኬ ላይ ያለው የካሎሪ ማስያ የፈረንጅ ዳቦ እንጂ የእኛን ሽሮ አያውቅም። ስለዚህ ከሥሩ ጀመርኩ። የሽሮውን ዱቄት፣ ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን እመዝናለሁ፤ የሁሉንም ካሎሪ እደምራለሁ፤ የበሰለውን ወጥ እንደገና መዝኜ ለእሱ በወጣው ልክ አካፍላለሁ። እንጀራው ግን ፈተና ሆነብኝ። እንጀራ የምትሸጥልኝን ጎረቤቴን ለአንድ ቡሆ ስንት ዱቄት እንደምታስገባ ስጠይቃት «ምነው፣ ተቆጣጣሪ ሆነሽ ተቀጠርሽ እንዴ?» ብላ መሳቂያ አደረገችኝ። እኔ እቴ! ምን ገዶኝ! ቅቤ ጠብ ሲል ቁጥሩ ዘሎ ሲወጣ ልቤም አብሮ ይዘላል።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጋደም እልና ያው ሕልም ይመጣል። አባቴ ሚዛን ላይ ተቀምጧል። እኔ ጤፍ እጨምርለታለሁ፣ እሱ ይወፍራል፤ እጨምራለሁ፣ ይወፍራል፤ እናቴ ከበሩ ሆና «በቃ፣ ቤቱ ጠበበው» ትላለች። ስነቃ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ዝናቡን ያዳምጣል። ክሳቱ ያው ነው።

መጀመሪያ ላይ ለብቻው በሳህን ላቀርብለት ሞክሬ ነበር። ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል። ልትገድይኝ ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ትሪ ሆነ፤ የእሱን መዝኜ በእሱ በኩል፣ የእኔን እንዲሁ በግምት በእኔ በኩል። ስንጨርስ የእሱ ወገን ተጠርጓል። በዐይኔ እያየሁ! ትሪውን አንስቼ ስልኬ ላይ ሁሉንም በላ ብዬ እሞላለሁ።

ሐኪሟ ዘንድ ስንመለስ ቀንሶ ተገኘ። ሚዛናችሁ ተበላሽቷል ብዬ ልጣላት ምንም አልቀረኝም። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እጁን ይዤ ነበር፤ አጥንት ብቻ ነው። እሱ እቴ፣ በመስኮት ጉሙን እያየ «ሸጋ ክረምት ነው፣ እህል ይሆናል» ይላል።

በማግስቱ የለበስኩት ቀሚስ ልክ ሆነኝ። ገረመኝ፤ ከእናቴ ሞት ወዲህ ትከሻዬ ላይ ይንሸራተት የነበረ ቀሚስ ነው። ምሳ ቀረበ። አባቴ «ቢስሚላህ» ብሎ ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ እጁ መጣ፣ አፌ ተከፈተ። «አንድ ያጣላል» አለና ደገመኝ። አፌ ሞልቶ ሳለ ዐይኔ በእሱ በኩል ያለው ሽሮ ላይ አረፈ። ጎድሏል። የእሱ ጉንጭ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ወይ ጉድ! ዘይቱን በጠብታ የቆጠርኩ ሴትዮ ጉርሻውን አልቆጠርኩም። ማንስ ይቆጥራል? ከልጅነቴ ጀምሮ የእሱ እጅ ሲመጣ አፌ በራሱ ይከፈታል፤ መብላት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም።

«አባዬ!» አልኩ፣ እንባዬ እየቀደመኝ። «የመዘንኩልህን ሁሉ እኔን ታጎርሰኛለህ? ትተኸኝ ልትሄድ ነው?»

ጣቱን በእንጀራው ጠርዝ ጠረገ። «እናትሽ ከሄደች ወዲህ አንቺ መቼ በላሽ?» አለ ቀስ ብሎ። «በአንቺ በኩል ያለውን እስቲ እዪው።»

አየሁት። እንዳወጣሁት ነው፤ አንድ ጣት አልነካውም። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም እንዲሁ ወደ ድስቱ መልሼው ነበር።

ዝናቡ መጣ። ከእኔ በኩል ቆረስኩ፣ ትልቅ አድርጌ ጠቀለልኩና ወደ አፉ ወሰድኩ። «ጠግቤያለሁ» አለ። «የልጅህን እጅ ልትመልስ?» አልኩት። ከፈተ። «አንድ ያጣላል» ብዬ ደገምኩት። እያላመጠ ዐይኑ እንባ ሞላ። እሱም በተራው ሊያጎርሰኝ ሲቆርስ አልከለከልኩትም።

መስከረም ሲጠባ፣ ጉሙ ለቆ ተራራው ሲታይ፣ ሐኪሟ ሚዛኑን አነበበችና «አሁን ይቻላል፣ አባባ» አለች። «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። አባቴ ግን በእኔ ትከሻ ተደግፎ ከሚዛኑ ወረደና ወደ ሐኪሟ ዞረ።

«የኔ ልጅ» አላት፣ «እስቲ እሷንም መዝኚልኝ።»