በእጥፋቱ ውስጥ የተደበቀው ቁጥር

በአንዲት አነስተኛ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የበረራ እቅድ ከሚቀበሉበት መስኮት ጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠች ሴት አለች። አብራሪዎቹ «እመት ወለል» ይሏታል። እሷም ለእነሱ ያወጣችው ስም አላት፤ እሱ ግን ወረቀት ላይ አይሰፍርም።

በእሷ ዓይን አብራሪ ማለት ጥቁር መነጽር ያደረገ አውራ ዶሮ ነው። ክንፍ አለው፣ ደረቱን ይነፋል፣ ካርታ ማንበብ ግን አይሆንለትም። ሰማይ ሁሉ ባዶ ሜዳ ይመስለዋል። ካርታው ላይ በሰማያዊ መስመር የታጠረው ሰማይ ግን ባለቤት አለው፤ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሚወርዱበት፣ የመቆጣጠሪያ ማማው ግዛት ነው። በእያንዳንዱ አጥር ውስጥ ሁለት ቁጥር አንዱ ባንዱ ላይ ተጽፏል፤ የላይኛው ጣሪያው፣ የታችኛው ወለሉ። ከወለሉ በታች እንደ ልብ ይበረራል፤ ከዚያ በላይ ሳያስፈቅዱ ዝር አይባልም። ይህን ለማግኘት አንድ ጣትና ሁለት ዓይን ይበቃል። አብራሪዎቹ ግን ጣታቸውን የሚፈልጉት መነጽራቸውን ለማስተካከል ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉም የባሰው መጣ፤ የታናሽ እህቷ ባል። ጨርቅ ነጋዴ ነው። በሃምሳ ዓመቱ መብረር አማረውና ፈቃዱን ካገኘ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ሸሚዙ ትከሻ ላይ ግን አራት ወርቃማ የካፒቴን መስመር ተደርድሯል። የሾመው ልብስ ሰፊው ነው። ከኋላው የመጀመሪያዋ ተሳፋሪው፣ እህቷ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች።

«እንዴት አደርሽ እትዬ» አለ እቅዱን በመስኮቱ አሾልኮ። «ዛሬ ሚስቴን ሰማይ ላሳያት ነው።»

«ከታች ሆና ስታየው ኖራ የለ እንዴ?» እቅዱን ገረፍ አድርጋ አየችው። ስምንት ሺህ ጫማ ይላል። «ሐይቁ ላይ ወለሉ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ። ይኸው።»

ካርታውን እንደ ጨርቅ ናሙና አጣጥፎ በጭኑ ልክ አድርጎታል። ጣቱ ያረፈበት ቁጥር በእርግጥ 95 ነው፤ በመቶ ሲባዛ ያለው ይሆናል። ግን ያ የጎረቤቱ አጥር ቁጥር ነው። የሐይቁ ቁጥር፣ ከድንበር መስመሩ ጋር፣ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል።

የእሷ ሥራ መቀበል እንጂ መከልከል አይደለም። ዝም ብትል ሰውዬው ሳያስፈቅድ የማማው ግዛት ውስጥ ዘው ይላል፣ የሦስት ሳምንት ፈቃዱንም ይነጠቃል። ሐሳቡ ለአፍታ ጣፈጣት። ነገር ግን ትልልቆቹ በሚወርዱበት ከፍታ ላይ፣ ከዚህ ሰው አጠገብ የምትቀመጠው እህቷ ናት።

«ዘርጋው» አለችው።

«እትዬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።» ከኋላው የተሰለፉት አብራሪዎች ፈገግ አሉ። «ጨርቅ ስለምሸጥ ማንበብ የማልችል መሰለሽ?»

«ማጠፍማ ትችላለህ። አይቻለሁ።»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ካርታውን ብብቱ ስር ወሸቀ። «ያንቺ ሥራ ማህተም መምታት ነው፤ ምቺልኝ።»

እውነቱን ነው። እሱን ተወችውና እህቷን ጠራች። «ነይ እስቲ አንቺ።» ጠረጴዛዋ ላይ በመስተዋት ስር የተዘረጋውን ካርታ አሳየቻት። «ሐይቁን አገኘሽው? ከሐይቁ ተነሺና ሰማያዊው መስመር እስኪያግድሽ በጣትሽ ዙሪያውን ሂጂ። እዚያ አጥር ውስጥ የታችኛው ቁጥር ስንት ይላል?»

የእህቷ ጣት እንደ ጉንዳን ሄደ፣ ሄደና ቆመ። «ስልሳ አምስት።»

«ስድስት ሺህ አምስት መቶ ማለት ነው።»

እህቷ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ስንት ነበር ያልከው?»

ሰልፉ ላይ ፈገግታው ጠፋ፤ ሁለቱ አብራሪዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የየራሳቸውን ካርታ ቀስ ብለው መዘርጋት ጀመሩ።

«ካርታውን ስጠኝ» አለች እህቷ። «እኔ ዘርግቼ እይዘዋለሁ። አይሆንም ካልክ ሰማዩን ለብቻህ እየው፤ እኔ በታክሲ ቤቴ እገባለሁ።»

ሰውዬው ሚስቱን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ ትከሻውን አየ። ከዚያ እቅዱን መልሶ ጎትቶ ስምንት ሺውን ሰረዘና ስድስት ሺህ ብሎ ጻፈ፤ በንዴት ሲጫነው እስክሪብቶው ወረቀቱን በሳው። ካርታውንም ከብብቱ አውጥቶ ለሚስቱ ሰጣት።

እመት ወለል ማህተሟን መታች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቢሮዋ ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። ሰውዬው ድምፁን አወፍሮ ሐይቁ ላይ መድረሱን፣ በስድስት ሺህ ጫማ እየበረረ መሆኑን አስታወቀ። አውርቶ ሳይጨርስ ከጎኑ የሴት ድምፅ ገባ፤ «ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ሆነሃል እኮ። ዝቅ በል።»

እመት ወለል እጇን ሰድዳ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገችው።