ኮከብ ሠራተኛ ከተባልኩ ወዲህ

በመንገድ መሥሪያ ቤት ግሬደር ነጂ ሆኜ በተቀጠርኩ ዕለት የጎንደር ጋራዥ ኃላፊ የማሽኑን ቁልፍ፣ የዝናብ ካፖርትና የጎማ ጫማ አስረከበኝ። «ምድብህ ድብ ባሕር ካምፕ ነው። ከገደሉ ራቅ እያልህ ንዳ» አለኝ።

ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱት አባቴ ደስ አላላቸውም። «ሰይድ፣ ሐር የመሰለ ጨርቅ ትተህ ድንጋይ መረጥህ?» አሉኝ።

ሥራችን ክረምት ገደሉ ሲናድ መንገዱን መክፈት ነበር። እኔ በግሬደሩ ምላጭ ጭቃውን እገፋለሁ፤ የቀን ሠራተኞች ትልልቁን ድንጋይ በዲጂኖ ይፈነቅላሉ። ፎርማናችን አያ ምትኩ ከፊት እየሄዱ መሬቱን በእግራቸው ይሞክሩልኛል። እሳቸው እጃቸውን ካላነሡ አልንቀሳቀስም።

ደርግ ከመጣ ወዲህ ዓርብ ከሰዓት የውይይት ክበብ ተጀመረ። ካድሬው «መሥሪያ ቤቱ የእናንተው ነው!» ሲል እናጨበጭባለን። ከወጣን በኋላ የሚወራው ግን የሚያፈሰው የመኝታ ቤታችን ቆርቆሮ ነው። ያን ቆርቆሮ የሚጠግንልን አልተገኘም።

አንድ ዓመት ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ጎንደር አዳራሽ ውስጥ ሜዳሊያ አጠለቁልኝ። ፎቶግራፌም በካምፑ መመገቢያ ቤት ተሰቀለ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔ ስገባ ወሬ ይቆም ጀመር። አግዳሚው ላይ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ሰው ሻዩን ሳይጨርስ ይነሣል። የገልባጩን ሹፌር ታደሰን «ምን አደረግኋችሁ?» አልሁት።

«አንተማ ምንም። ግን እነሱ የሚወዱት ሰው ፊት የተወራ ነገር የት እንደሚደርስ አናውቅም።»

ለማንም ወሬ አላቀበልሁም ብል ማን ያምነኛል? ምሳዬን ግሬደሩ ላይ ተቀምጬ መብላት ለመድሁ። አንዳንድ ቀን አያ ምትኩ ከሰጡኝ ትእዛዝ በቀር የሰው ድምፅ ሳልሰማ ይመሻል።

በተከታዩ ክረምት አባቴ በጠና መታመማቸውን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነገረኝ። የመንገድ ክፍላችን ኃላፊ ከጎንደር ለጉብኝት ካምፑ መጥቶ ስለነበር ፈቃድ ጠየቅሁት።

«ጓድ ሰይድ፣ ኮከብ ሠራተኛ በክረምት ፈቃድ ከወሰደ ሌላው ምን ይላል? መሥሪያ ቤቱ ቤትህ አይደለም ወይ?» አለኝ።

ቤቴስ አዲስ ዓለም ነው ልል ብዬ ዋጥሁት።

አያ ምትኩ ውጭ ዝናብ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የሆነውን ነገርኋቸው።

«ሂድ» አሉኝ።

«ማሽኑስ?»

«እኔም ነጂ ነበርሁ። እይዘዋለሁ።»

«ይቀጡዎታል እኮ፣ አያ።»

«ምነው፣ አባትህ ስንት ነው? ሂድ አልሁህ!»

በሕይወት ሳሉ ደረስሁ። አባቴ ዓይናቸው ደክሞ በድምፄ ለዩኝ። «ድንጋዩን ለማን ሰጥተኸው መጣህ?» ብለው ፈገግ አሉ። በማግስቱ ቀበርኋቸው።

ስመለስ መንገዱ ክፍት ነበር። አያ ምትኩ ግን ከፎርማንነት ተነሥተው ጎንደር ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድበዋል። ጓዛቸውን መኪና ላይ ስጭን አለቀስሁ።

«አባትህን በእጅህ ቀበርህ፤ ሸጋ ነው። ሌላው ያልፋል» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ በካምፑ ከሥራ ጉዳይ ውጭ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ብዙ ክረምት እዚያው ቆየሁ። ኃላፊዎቹ ሽልማቱ ያቆየኝ ይመስላቸው ነበር። እኔ ግን መንገዱ ተዘግቶ «ያ ሽማግሌ ምትኩ ያበላሸው ሠራተኛ» እንዳይባል ነበር የምሠራው። ሠራተኛ መጀመሪያ የሚታመነው ለሰው ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ የሚታመነው ከዚያ በኋላ ነው።