የጧት ቅቤ

የመጀመሪያ ልጄ ያስታውክ ነበር። ልጅ ሁሉ ያስታውካል የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ እኔም ከእሱ በኋላ አራት ወልጄ አውቄዋለሁ። የእሱ ግን ለብቻው ነው። ጠብቶ ሳይጨርስ ይመልሰዋል፣ ጨርሶም ይመልሰዋል፣ ሳስተኛው ይመልሰዋል፣ ስስመው ይመልሰዋል። አንዳንዴ ወተቱ በአፍንጫውም ይወጣና ትንፋሽ ያጥረዋል። በሦስት ወሩ አንገቱ እንደ ጫጩት አንገት ቀጥኖ ነበር።

ጊዜው ጣሊያን ከጎንደር ሊወጣ የተቃረበበት ክረምት ነው። ባለቤቴ ልጁ በሆዴ ሳለ ዱር ገብቷል። በወገራ በኩል አለ ይባላል እንጂ በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም አይናገርም። ቤት የቀረነው አማቴ፣ እኔና ያ የሚያስታውክ ልጅ ነን። ከተማው ተከብቧል፤ ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣው እህልና ቅቤ እየቀነሰ ነው፤ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ሰው የሚሸሸግበት ይጠፋዋል። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ከዚያ ክረምት አብልጬ የማስታውሰው ጨርቅ ነው።

እርጥብ ጨርቅ። ትከሻዬ እርጥብ፣ ደረቴ እርጥብ፣ መኝታዬ እርጥብ። ቀሃ ወንዝ ወርጄ በእንዶድ አጥባለሁ፤ አጥሩ ላይ አሰጣለሁ፤ ዝናቡ ይመጣል፤ ሮጬ አነሣለሁ፤ ምድጃው ዙሪያ እሰቅላለሁ፤ ያ ሳይደርቅ ሌላው ይበላሻል። የኮመጠጠ ወተት ሽታ ቆዳዬ ውስጥ ገብቶ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከሴቶቹ ራቅ ብዬ እቆም ነበር። አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ የምትነግድ አንዲት ሙስሊም ወዳጅ ነበረችኝ፤ ቁርጥራጭ አቡጀዲ እየሰበሰበች ትሰጠኛለች። ሰባት ልጅ ያሳደገች ናት። ካጠባሽው በኋላ ቶሎ አታጋድሚው፣ ትከሻሽ ላይ አቁመሽ ያዥው፣ ጡትም ትንሽ ትንሽ አድርገሽ ስጭው ያለችኝ እሷ ናት። እንዳለችኝ አደረግሁ። ክንዴ እስኪደነዝዝ አቁሜ እይዘዋለሁ፤ ሥራ ሲኖረኝ በአንቀልባ ቀጥ አድርጌ አዝለዋለሁ፤ እንቅልፍም የምተኛው እሱን ደረቴ ላይ አድርጌ ግድግዳ ተደግፌ ነው። ጥቂት ቀለል አለለት፤ አልተወውም ግን።

አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ከባለቤቴ በፊት ሦስት ወልደው ሦስቱንም ጥርስ ሳያወጡ ቀብረዋል። ስማቸውን አያነሡም፤ ልጄን ሲታቀፉት ግን ጣታቸውን አፍንጫው ሥር አድርገው ትንፋሹን ይፈትሻሉ። በየጧቱ እጃቸውን ይታጠቡና ለጋ ቅቤ በጣታቸው ጫፍ ጨልፈው ልጁን አፉ ውስጥ አድርገው ያውጡታል። ጉሮሮው እንዲለሰልስ፣ አንጀቱ እንዲርስ። እናቴም ለእኛ እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ በአገራችን ያልተደረገለት ልጅ የለም። ሲያስታውክ ደግሞ አንጀቱ ደረቀ ብለው ይጨምሩለታል። እንደገና ካስታወከ እንደገና። ፍልሰታ ገብቶ እኛ ከቅቤ ስንጾም እንኳ የእሱ አልተቋረጠም። እኔም ጨርቅ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ፤ አንድም ቀን ምነው አላልሁም።

የፍልሰታ ሁለት ሱባዔ ሳይሞላ አማቴ ወሰኑ። የልጁ እንጥል ወርዷል፣ መቆረጥ አለበት አሉ። በቅዳሜ ገበያ ከወገራ የሚወርዱ እንጥል ቆራጭ ሽማግሌ አሉ፤ እንደ ምንም ብለው ኬላውን እያለፉ ይመጣሉ። ለመጪው ቅዳሜ ተቀጠሩ። የታላቅ እህቴን ልጅ እንጥሉን ሲያስቆርጡት ራሱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። በፈረስ ጭራ ሸብ አድርገው ጫፉ በታጠፈ ትንሽ ቢላዋ ይቆርጡታል፤ ፈጣን ነው። ደሙ ግን አልቆመም፣ ጡትም ዳግመኛ አልያዘም፤ በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። ይህን ለአማቴ ነገርኋቸው። እሳቸው በበኩላቸው ተቆርጠው የዳኑትን ከጎረቤት እየቆጠሩ ነገሩኝ። ባል በሌለበት ቤት፣ የአማት እንጀራ እየበሉ ከዚህ በላይ መከራከር አይቻልም። ደክሞኝም ነበር። የደከመ ሰው ስንት ነገር እሺ እንደሚል የሚያውቅ የደከመ ሰው ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ቅቤው አለቀ። አማቴ ገበያውን ዞረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል። ልጁ አሁን ይደርቅብኛል ብለው ተቀምጠው አለቀሱ።

ሐሙስ ዕለት ቀሃ ወርጄ ጨርቁን ድንጋይ ላይ ስዘረጋ ሥራዬ ቶሎ አለቀብኝ። የጣልሁት አለ ብዬ መንገዱን ወደኋላ አየሁ። የጠፋ ጨርቅ አልነበረም፤ የቆሸሸው ሁለት ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ነበር። ልጁን ከጀርባዬ አውርጄ አየሁት። ነቅቶ ጣቱን ይጠባል፤ አገጩ ደረቅ ነው። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ከሰኞ ጀምሮ ያለውን አንድ በአንድ አሰብሁ። የተለወጠው ቅቤው ብቻ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርሁ። ሦስት ወር ሙሉ ጨርቅ ይዤ አጠገባቸው የቆምሁት እኔ ነኛ።

ለአማቴ ልነግራቸው ተቻኩዬ ቤት ስደርስ የሉም። አርብ ወደ ማታ መጡ። ጠዳ ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ዝናብ ሲደበድባቸው ከሰው ቤት አድረው፣ እግራቸው አብጦ። በብብታቸው ትንሽ ቅል ይዘዋል፤ ቅቤ ነው። ገንዘብ የሚቀበል ሰው ስላጡ ለመገነዣቸው ብለው ከሣጥን ያስቀመጡትን ነጭ ኩታ ሰጥተው ነው ያመጡት። የሚገነዙበትን። ቅሉን አስጨበጡኝና ልጁ በሕይወት መኖሩን ለማየት ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ቅሉን ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ።

በማግሥቱ ጧት እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ታጠቡ። ዝም አልሁ። በዚህ ዝምታዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ። ልጁ ቅቤውን ዋጠ፤ ጥቂት ቆይቶ የጠባውን ሁሉ በአፍም በአፍንጫም አወጣው፤ ፊቱ ጠቆረ። ገልብጬ ጀርባውን መታ መታ ሳደርገው አለቀሰ።

አማቴ፣ “እንኳንም ዛሬ ሰውየው ይመጣሉ” አሉ።

ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።

“እሜቴ፣ ቅቤው ነው።”

“ምን አልሽ?”

“ቅቤ ያጣ ጊዜ እምብዛም አላስታወከም። ጨርቁን እኔ ነኝ የማጥበው፤ አውቃለሁ። እስከ ሌላው ቅዳሜ ያለ ቅቤ ይዋል። እንደ ፊቱ ካስታወከ እኔው ራሱን እይዝለታለሁ፤ ያስቆርጡት።”

ይህን የመጨረሻውን ስናገር ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። አማቴ ቅሉን አዩት፤ ከዚያ እግራቸውን አዩት። ሽማግሌው ደጅ ላይ ሲጣሩ ራሳቸው ተነሥተው እያነከሱ ወጡና፣ “አያ፣ ሳምንት ይምጡ” ሲሉ ሰማኋቸው።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍሁት አልናገርም። ልጁ ባገሳ ቁጥር ጨርቅ አነሣለሁ። ጠብቶ ሲጨርስ ትከሻዬ ላይ አቆመዋለሁ፤ ሲደክመኝ አማቴ ሳይጠሩ መጥተው ይቀበሉኝና ቀጥ አድርገው ይዘውት ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ። ማስታወኩ ፈጽሞ አልቀረም፤ ድጋፍ ይዞ መቀመጥ እስኪችል ድረስ አልፎ አልፎ ይመልሰው ነበር። የሚመልሰው ግን ትንሽ ነው፤ የቀረው ሆዱ ውስጥ ይውላል። ቅዳሜ ሽማግሌው ሲመጡ ጉንጩ ሞላ ሞላ ብሎ ነበር። አማቴ ንፍሮ አቀረቡላቸው፤ ልጁ ሸጋ ሆኗል ብለው አመስግነው ሸኟቸው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። አማቴ በረንዳው ላይ ተቀመጡና ነይ አሉኝ። ቅሉ አጠገባቸው ነው። ሻሼን ፈትተው ጠጉሬን መቀባት ጀመሩ። ባለቤቴ ከሄደ ወዲህ ራሴ ቅቤ ነክቶት አያውቅም። ልጁ ደረቴ ላይ ተኝቷል፤ የእኔም ዓይን መጨፈን ጀመረ።

“ልጀ” አሉ ከበላዬ፣ ቀስ ብለው። “አባቱንም እንዲሁ አውጨዋለሁ፤ እሱስ ተረፈ። ከሱ በፊት የነበሩት ሦስቱም ያስታውኩ ነበር። እነዚያም በዚሁ ይሆኑ?”

አይደለም ማለት ነበረብኝ። በሌላ በሽታ ነው፣ የእግዜር ፈቃድ ነው፣ እርስዎ ምን አጠፉ ማለት ነበረብኝ። እኔም የልጅ እናት ነበርሁ። ግን ሦስት ወር ሙሉ ተጋድሜ አልተኛሁም፤ እውነትም ውሸትም የምፈልግበት አቅም አልነበረኝም።

“አላውቅም እሜቴ” አልሁ።

ጣታቸው ራሴ ላይ ቆመ። ከዚያ እንደገና መቀባታቸውን ቀጠሉ። ቅሉ ባዶ እስኪሆን፣ ቅቤው ቀልጦ በአንገቴ እስኪወርድ ድረስ እጃቸውን አላነሡም።