የኛማል የደም ውጤት

የንስሐ አባቴ ጾም ስለ መግደፌ ብዙ ያውቃሉ። ይህን ግን አያውቁም፤ ለእሳቸውም ለሌላም ሰው ተንፍሼው አላውቅም። አንባቢዬ፣ መልኬን ስለማታይ ላንተ መናገር ቀለለኝ። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው።

በደርግ ጊዜ ጋምቤላ ከተማ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ከከተማው ሰው ሁሉ የበለጠ ያነበብኩት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም እንደ ጳጳስ ተጎልቼ እተረጉማለሁ።

ከከተማው ብዙ በማይርቀው በኢታንግ የምትኖር ኛዴንግ የምትባል የኑዌር ሴት ነበረች። ሦስተኛ ልጇ ኛማል አራት ዓመቷ ነው፤ አትሄድም፣ አትናገርም። የባሏ ዘመዶች ጥፋቱ የእናትየዋ ነው ብለው ሊያስፈቷት ተነሥተዋል። እዚያ ለሰፈሩት የሱዳን ስደተኞች ሊሠራ የመጣ አንድ የውጭ ሐኪም ከልጅቱም ከወላጆቿም ደም ቀድቶ ወደ አገሩ ላከ። መልሱ ከወራት በኋላ ሲመጣ ሐኪሙ ሄዷል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ወረቀቱ ይፍረድ» አሉ። አስጠሩኝ፤ ሄድኩ።

ሁለት ገጽ ነው። ክሮሞዞም የሚል ቃል አለበት፤ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አገላበጥኩት፤ አልገባኝም። ደግሜ ሳገላብጠው የባልየው ታላቅ ወንድም፣ «መምህር፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ ለዝንብ ማባረሪያ ነው እንዴ?» አለ። ሰዉ ሳቀ።

«አላውቅም» ማለት ምን ያቅታል? ተማሪ ሲለኝ በዱላ የምቀጣበት ቃል ነበር። እኔ ግን፣ «ከእናትየዋ ዘር የመጣ ነው ይላል» አልኩ። ለምን እሷን? ሊሰሙ የጓጉት ያንን ስለነበረ። ሰው የጠበቀውን የሚያነብለትን ጥሩ አንባቢ ይለዋል።

ኛዴንግ ብቻ ጠየቀችኝ። «መምህር፣ እንዲህ ተጽፏል?»

«ተጽፏል» አልኳት።

በዚያው ሳምንት ተፈታች። ሁለቱ ትልልቅ ልጆች ከአባታቸው ጋር ቀሩ፤ እሷ ኛማልን ታቅፋ እዚያው ኢታንግ ወንድሞቿ ዘንድ ገባች።

ደብዳቤው እኔ ጋ ቀርቶ ነበር። በኋላ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሐኪም አሳየሁት። ክሮሞዞም ማለት ከወላጅ የምንወርሰውን የሚሸከም ክር መሰል ነገር እንደሆነ አስረዳኝና፣ «ልጅቱ አንድ በዝቶባታል። ስትጸነስ በአጋጣሚ የሆነ ነው። የእናትም የአባትም ደም ደህና ነው፤ ማንም አላጠፋም» አለኝ። ቀጥሎም «ለእናትየዋ ነገርካት?» ሲለኝ፣ «ነገርኳት» አልኩ።

ኢታንግ ሩቅ አይደለም። አልሄድኩም። ብሄድ ወደ ልጆቿ ትመለስ ነበር? ምናልባት። ግን መምህሩ ዋሸ ይባላል። ስለ እውነት መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ያነበብኩት እኔ፣ ዝናዬን ከአንዲት እናት አስበለጥኩ። ዝና! የሰው ደብዳቤ የማንበብ ዝና!

ዓመት ሳይሞላ ጋምቤላ ገበያ ላይ አየችኝ። ላመልጥ ስል እጄን ያዘች።

«መምህር፣ ሌላው ሰው እርግማን ነው አለኝ። አንተ ብቻ እውነት ነገርከኝ። ወንድሞቼ ሌላ ባል አግቢ ይላሉ፤ እምቢ አልኩ። ደሜ መጥፎ ነው። ሌላ ልጅ አልጎዳም።»

አመሰገነችኝ። እኔም፣ እውነቱን እያወቅኩ፣ «አይዞሽ» አልኳት።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ እንደበደልኳት አታውቅም።